ልጄ የመግባት ዕድሉ ስንት ነው? ጥቂቶችን ብቻ ስለሚቀበሉ የአሜሪካ ኮሌጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለት ወገን የሚመጡ ናቸው። አንዱ ወገን በዋሽንግተን አካባቢ፣ በዳላስ፣ በሲያትልና በመሰል ከተሞች ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸው። ሌላው ወገን ኢትዮጵያ ሆነው ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ኮሌጅ የሚፈልጉ ተማሪዎች ናቸው። የሚያመለክቱት ለአንድ ኮሌጅ ቢሆንም ሁለቱን የሚገጥማቸው ውድድር የተለያየ ነው፤ መልሱ በሚለያይበት ቦታ ለየብቻ ተጽፏል።

ኮሌጁ ከሚያመለክቱት 4 በመቶ ብቻ ይቀበላል ይባላል። የልጄም ዕድል 4 በመቶ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ቁጥር የሁሉም አመልካቾች አማካይ ነው፤ በውስጡ ዕድላቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል ሰዎች ተደባልቀዋል። ነገሩ በግልጽ የታየው ሃርቫርድ በቅበላው ዘርን በመመልከቱ ተከስሶ በ2018 ቦስተን ፍርድ ቤት በቆመ ጊዜ ነው። ለችሎቱ በቀረበው መረጃ መሠረት አሠልጣኞች ከመለመሏቸው አትሌቶች 86 በመቶ ያህሉ፣ ወላጆቻቸው እዚያው ከተማሩ አመልካቾች ደግሞ ሲሶ ያህሉ ተቀባይነት አግኝተዋል። በዚያ ዘመን አጠቃላይ የቅበላ መጠኑ 6 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ወደ 4 በመቶ ወርዷል። እነዚያን ልጆች ከቁጥሩ ካወጣችሁ ለሌላው የሚቀረው ከአማካዩ ያንሳል።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ኤምአይቲ በ2024 ለሚገቡ ተማሪዎች ካመለከቱት ሁሉ 4.5 በመቶ ያህሉን ተቀብሏል፤ ከሌላ አገር ለሚያመለክቱ ግን መጠኑ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ለእነዚህ አመልካቾች የቦታ ገደብ እንዳለው ኮሌጁ ራሱ በግልጽ ይናገራል።

የትምህርት መሠረቱ የጠነከረ ልጅ ከአማካዩ የተሻለ ዕድል እንዳለው እውነት ነው። በስንት እንደሚሻል ግን በቁጥር ሊነግራችሁ የሚችል ሰው የለም። እችላለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ጥንቃቄ አድርጉ።

ታዲያ በምን ልገምት?

ኮሌጁ ራሱ ከሚያወጣው ሰነድ ጀምሩ። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) የሚባል ዝርዝር መረጃ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከነዚህ ሦስት ቃላት ጋር አድርጋችሁ ብትፈልጉ በነፃ ታገኙታላችሁ። ሰነዱ ረጅም ስለሆነ ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም፤ አራት ቦታ ይበቃችኋል።

ሲ7 (C7) የሚለው ሰንጠረዥ ኮሌጁ ምን እንደሚያይና ለእያንዳንዱ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ያሳያል። የትምህርቱ ክብደት፣ ውጤት፣ የክፍል ደረጃ፣ ድርሰት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የወላጅ የቀድሞ ተማሪነት፣ አመልካቹ ለኮሌጁ ያሳየው ፍላጎት፣ እያንዳንዱ ከ«በጣም አስፈላጊ» እስከ «አይታይም» ባለው መለኪያ ምልክት ተደርጎበታል። ኮሌጁ «ያሳየው ፍላጎት» የሚለውን አያለሁ ካለ በኦንላይን ገለጻዎቹ መሳተፍ፣ ኢሜይላቸውን ከፍቶ ማንበብ፣ ቢቻል መጎብኘት ለውጥ ያመጣል። አላይም ካለ ደግሞ በዚያ ጊዜ አታባክኑ።

ሲ9 የገቡት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ነው። ሲ10 ከየትምህርት ቤታቸው ከላይኛው አንድ አሥረኛ የመጡት ስንት በመቶ እንደሆኑ ይናገራል።

ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ኤች6 (H6) ነው። ኮሌጁ ለውጭ አገር ተማሪዎች ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ፣ በዓመቱ ስንት ሰው እንዳገኘና አማካዩ ስንት ዶላር እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። አማካይ ድጋፉ ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ በጣም ካነሰ፣ ልጁ ቢቀበሉትም ቀሪውን የሚከፍል ሰው ያስፈልገዋል። «ለውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለን» የሚሉ፣ ኤች6ን ስታዩት ግን የሚሰጡት የወጪውን ሩብ እንኳ የማይሞላ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ይህን ገጽ ሳያዩ ማመልከት ልጅን ለከንቱ ድካም መዳረግ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች አንድ ተጨማሪ ምንጭ አለ። ብዙ ሃይስኩሎች «ናቪያንስ» በሚባለው ወይም በመሰል ሲስተም ከዚያው ትምህርት ቤት በፊት ያመለከቱ ልጆች ውጤታቸው ምን እንደነበረና ማን እንደተቀበላቸው ስም ሳይጠቅሱ ያሳያሉ። የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) ጠይቁ። ከአገር አቀፍ አማካይ ይልቅ ከልጃችሁ ጋር አንድ ኮሪደር የተመላለሱ ልጆች ታሪክ የበለጠ ይነግራችኋል።

ለሃያ ኮሌጅ ቢያመለክት አንዱ መቼም አይቀርም፤ አይደል?

ይህ ስሌት ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። በእያንዳንዱ ኮሌጅ 5 በመቶ ዕድል አለው እንበልና ለሃያ ቢያመለክት፣ በወረቀት ላይ ቢያንስ አንዱ የመቀበሉ ዕድል 64 በመቶ ይመጣል። ይህ የሚሠራው ውሳኔዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ሃያ የሎተሪ ቲኬት።

የኮሌጅ ማመልከቻ ግን እንዲህ አይደለም። ሃያውም የቅበላ ቢሮዎች የሚያነቡት ያንኑ ትራንስክሪፕት፣ ያንኑ ዋና ድርሰት፣ ያንኑ የመምህር ደብዳቤ ነው። ማመልከቻው አንድ የተደበቀ ድክመት ካለው፣ ለምሳሌ ደብዳቤው ባዶ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ መክፈል የማይችለው መጠን ትልቅ ከሆነ፣ ድክመቱ ሃያውም ጋ ይደርሳል። በመጋቢት መጨረሻ ሃያ የ«አይ» ደብዳቤ የሚቀበሉ ጎበዝ ልጆች የሚኖሩት ለዚህ ነው። በራቸው በጣም ጠባብ የሆኑ፣ ማለትም ጥቂቶችን ብቻ የሚቀበሉ ኮሌጆችን ቁጥር መጨመር ዕድሉን የሚያሰፋው ጥቂት ነው። ዕድሉን በእውነት የሚያሰፋው በዝርዝሩ ውስጥ የቅበላ መጠናቸው የተለያየ ኮሌጆችን ማስገባት ነው።

እያንዳንዱ ተጨማሪ ማመልከቻ ደግሞ የራሱ የሆነ አጭር ድርሰት ይጠይቃል። አሥራ ስድስተኛው ላይ የደረሰ ልጅ የሚጽፈው የደከመ ጽሑፍ ነው፤ አንባቢው ያውቀዋል።

የኤስኤቲ ውጤቱ ስንት መሆን አለበት?

ኤስኤቲ ከ1600 የሚታሰብ የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነው። መጀመሪያ ኮሌጁ ፈተናውን ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ። ከ2020 በኋላ ብዙዎቹ ፈተናውን በአመልካቹ ፈቃድ አድርገውት ነበር። ኤምአይቲ በ2022 ወደ ግዴታ መለሰው፤ ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ በ2024 ተከተሉት። ዬልም በዚያው ዓመት አንድ ዓይነት ፈተና ግዴታ እንዲሆን ወሰነ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ግን ለቅበላ ውሳኔ ጨርሶ አያዩትም፤ 1600 ብትልኩላቸውም ለውጥ የለውም።

ሲ9 ላይ ታችኛና ላይኛ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከታችኛው ቁጥር በታች ያገኙት ከገቡት አንድ አራተኛ ናቸው፤ ከላይኛው በላይ ያገኙትም እንዲሁ አንድ አራተኛ። ሃርቫርድ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ከ1500 እስከ 1580 አካባቢ ናቸው። ፈተናው በፈቃድ በሆነበት ኮሌጅ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት ስላልላኩ ነው።

ዳርትማውዝ በ2024 ውሳኔውን ሲያስታውቅ ያስረዳው ነገር ለእኛ ልጆች በቀጥታ ይሠራል። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብና ብዙም ካልታወቁ ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች 1400 አካባቢ አምጥተው ዝቅተኛ መስሏቸው ሳይልኩ ቀርተዋል፤ ቢልኩት ኖሮ ግን ይጠቅማቸው ነበር። የቅበላ ቢሮው ውጤቱን የሚያየው ልጁ ከተማረበት ትምህርት ቤት አንጻር ነውና። ተማሪዎቹ በአማካይ 1000 ከሚያመጡበት ትምህርት ቤት 1420 ይዞ የመጣ ልጅ፣ ሁሉም 1500 በሚያመጣበት ትምህርት ቤት 1480 ካመጣው የበለጠ ሊያስገርም ይችላል። ስለዚህ «ከታችኛው ቁጥር ወርዷል፤ አንልከውም» ብላችሁ ቶሎ አትወስኑ።

የኢትዮጵያ ውጤቴን ወደ ጂፒኤ ልቀይረው?

አትቀይሩት። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የኦንላይን ማመልከቻ፣ በኮመን አፕ ላይ፣ የመቶ መለኪያን መምረጥ ይቻላል፤ ትራንስክሪፕቱ እንዳለ ይላክ። የክፍል ውስጥ ደረጃችሁንም በፍጹም አትተዉት። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ደረጃ መስጠት አቁመዋል፤ የእኛ ካርድ ላይ ግን «ከ58 ተማሪዎች 1ኛ» የሚለው ታትሞ ይገኛል። ትምህርት ቤታችሁን ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ ይህ መስመር ከአማካይ ውጤቱ ይልቅ ብዙ ይነግረዋል፤ 94 በአንዱ ትምህርት ቤት ተራ ውጤት፣ በሌላው ደግሞ የአሥር ዓመት ሪከርድ ሊሆን ይችላልና።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ማመልከቻው ከሚዘጋበት ጊዜ በኋላ ነው የሚወጣው። ያለፉት የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ውጤት ግን ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ርእሰ መምህሩ ይህንን ከትምህርት ቤቱ ውጤት ጋር በአንድ አንቀጽ ቢያብራራ አንባቢው ሚዛን ያገኛል። ካውንስለር የሌለበት ትምህርት ቤት ከሆነ የካውንስለሩን ቅጽ ርእሰ መምህሩ ወይም የክፍል ኃላፊው መሙላት ይችላል።

ስለ መምህራን ደብዳቤ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ መምህራን የሚወዱትን ተማሪ ሲያመሰግኑ «ጨዋ፣ ትሑት፣ ታዛዥ» ይላሉ። ከልብ ነው፤ ለዚህ አንባቢ ግን አይበቃም። አንባቢው የሚፈልገው ልጁ ክፍል ውስጥ ምን ጠየቀ፣ የትኛውን የሂሳብ ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈታ፣ ማንን አስጠና የሚለውን ነው። መምህሩን ስትጠይቁ የሠራችኋቸውን ሦስት አራት ነገሮች በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ነውር የለውም። ትራንስክሪፕቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነም ከጎኑ የፈረንጁ ዓመት ይጻፍበት።

የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ዕድሌን ይቀንሳል?

እንደ ፓስፖርታችሁና እንደ ኮሌጁ ይለያያል።

የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ላለው ልጅ፣ አብዛኞቹ ስመ ጥር ኮሌጆች የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ይወስናሉ። እዚያ ድጋፍ ከመጠየቅ ወደኋላ አትበሉ። ከ2025 መኸር ጀምሮ ሃርቫርድ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ100 ሺህ ዶላር ለማይበልጥ ተማሪዎች ሁሉንም ወጪ ይሸፍናል፤ እስከ 200 ሺህ ላሉት ደግሞ የትምህርት ክፍያውን። እያንዳንዱ ኮሌጅ የወጪ ማስያ በድረ ገጹ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል፤ ሳታመለክቱ በፊት ሞክሩት። ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው ቅጽ ከመኖሪያ ቤት ሌላ ያለ ንብረትንም እንደሚጠይቅ እወቁ፤ አዲስ አበባ ያለ ቤትም ይቆጠራል።

ከሌላ አገር ለሚያመለክት ተማሪ ግን አብዛኞቹ ኮሌጆች የገንዘብ ጥያቄውን ከማመልከቻው ጋር አብረው ይመዝናሉ። ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔልና የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ድጋፍ ጥያቄው ዕድሉን ይቀንሳል፤ ይህን መሸፋፈን አይጠቅምም። ለውጭ አገር አመልካችም አቅሙን ሳያዩ ወስነው ሙሉ ፍላጎቱን የሚሸፍኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦዶይን፣ በ2025 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ደግሞ ብራውን። ድጋፍ ፈላጊው ሁሉ ወደ እነዚህ ስለሚጎርፍ ውድድሩ እዚያ ይከፋል። ሌሎቹ በበኩላቸው ገንዘቡን ቢያዩም ለሚቀበሏቸው ጥቂቶች ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፤ ስለዚህ ዝርዝራችሁ ከሁለቱም ወገን ይኑረው።

«አሁን ድጋፍ አልፈልግም ብዬ ልግባ፤ በኋላ እጠይቃለሁ» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙት። ብዙ ኮሌጆች ሲገባ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በአራቱም ዓመት እንዳይጠይቅ ይከለክላሉ። የዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ በሆነበት ቦታ ይህ ቤተሰብ ያፈርሳል።

ኬንታኪ ያለው ቤርያ ኮሌጅ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪው በካምፓሱ ይሠራል፣ ከሌላ አገርም በየዓመቱ ጥቂት ተማሪዎችን ይቀበላል። እሱም ጠባብ ነው፤ ግን ይታይ።

ልጃችን ክለብ የለው፣ ቫዮሊን አይጫወት። ምን እንጻፍለት?

የሚሠራውን። ኮመን አፕ አሥር ቦታ ይሰጣል፤ ከምድቦቹ አንዱ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ነው። ከትምህርት መልስ ታናናሾቹን የሚይዝ፣ በቤተሰቡ ሱቅ የሚሠራ፣ ሐኪም ቤት ለእናቱ የሚያስተረጉም፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር ልጅ ሥራ አለው። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት የሚለው በቁጥር ይጻፍ። ልጆቻችን ይህን የሚተዉት እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት ነው። ወላጆች፣ እባካችሁ እናንተ አስታውሷቸው።

ሯጭ ልጅ ካላችሁ ደግሞ በ11ኛ ክፍል ለአሠልጣኞች ሰዓቱን ይላክ። አይቪ ሊግ (ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ የአሠልጣኝ ድጋፍ ግን ከላይ በጠቀስነው የሃርቫርድ ቁጥር ላይ እንዳያችሁት ክብደቱ ከባድ ነው።

ቀደም ብሎ ማመልከት ይጠቅማል?

«ኧርሊ ዲሲዥን» ከተቀበሉህ ትገባለህ የሚል ግዴታ ያለበት ነው፤ በዚህ መንገድ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የሚቀበሉት መጠን ብዙ ቦታ ከፍ ይላል፤ ግን አትሌቶችና የቀድሞ ተማሪ ልጆችም እዚያው ስለሚገኙ ልዩነቱን በሙሉ ለራሳችሁ አትቁጠሩት። «ኧርሊ አክሽን» ግዴታ የለበትም፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ግን በዚያ ወቅት ለሌሎች የግል ኮሌጆች ቀደም ብሎ ማመልከትን ይገድባሉ። ማብቂያው አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 22 አካባቢ። ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ የወጪ ማስያውን ሳይሞክር ግዴታ አይግባ።

ጥቁር መሆኑ አሁንም ይረዳዋል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ዘርን ራሱን መመዘኛ ማድረግ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የገቡ ልጆችን ታሪክ ይዛችሁ የዛሬውን ዕድል አትገምቱ። ልጁ በድርሰቱ ዘሩ ወይም ስደቱ ሕይወቱን እንዴት እንደቀረጸው መጻፍ ግን ውሳኔው አልከለከለም። የራሱ እውነተኛ ታሪክ ካለው ይጻፈው፤ ከሌለው አያስፈልግም።

ጠባብ ካልሆኑት መካከል ጥሩ የሚባል አለ?

አለ፤ ብዙውን ጊዜም ደጃፋችሁ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የግዛቱ ነዋሪዎች ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ልጅና ሜሪላንድ የሚኖር ልጅ እዚያ ዕድላቸው አንድ አይደለም። በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ የተጠየቀውን ውጤት ያሟላ ተማሪ በስምምነት ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሸጋገርበት መንገድ አለው። ቴክሳስ ደግሞ በክፍል ደረጃው ከላይ ጥቂት በመቶ ውስጥ ለሆነ የግዛቱ ተማሪ ኦስቲን ላለው ዩኒቨርሲቲ ቅበላን ያረጋግጣል፤ ከ2026 መኸር ጀምሮ መጠኑ ከ6 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ስም ሲሰሙ የሚከፋቸው ወላጆች አሉ። እኔ አይከፋኝም፤ ያለ ዕዳ የተገኘው ዲግሪ ላይ የሚታተመው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያለው የዕድል ማስያ እና «እናስገባዋለን» የሚሉ ወኪሎችስ?

ማስያው ውጤትና የፈተና ነጥብ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ድርሰቱን አላነበበም፣ ትምህርት ቤቱን አያውቅም፣ ፓስፖርቱን አይጠይቅም። ከኢትዮጵያ ድጋፍ ጠይቆ ለሚያመለክት ልጅ የሚሰጠው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ወኪሉ ዋስትና ከሰጣችሁ አትክፈሉ። ዋስትና መስጠት የሚችለው ኮሌጁ ብቻ ነው፤ እሱም በደብዳቤ ነው የሚናገረው። ማመልከቻ መክፈያ የሌለው ልጅ በኮመን አፕ በኩል ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል።

አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። ጀምሬ ልጠብቅ?

ይህን ከመወሰናችሁ በፊት አስቡበት። 12ኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ ተማሪን ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚያዩት እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ዝውውር ተማሪ ነው። ለውጭ አገር የዝውውር ተማሪ ያለው ቦታም ድጋፍም እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ዓመት ሳይመዘገቡ ቆይቶ ማመልከት አያስነውርም፤ በዚያ ዓመት ምን እንደሠራችሁ ግን ይጠየቃል። በሌላ በኩል የተገኘን ምደባ ለ2 በመቶ ዕድል መጣልም ቀላል ውሳኔ አይደለም። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ኢሜይል ጽፋችሁ «ተመዝግቤ አንድ ሴሚስተር ብማር እንደ አዲስ ገቢ ትቆጥሩኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፤ በጽሑፍ የመለሱላችሁን አስቀምጡ።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ተስፋ አለው?

የዚያኑ ኮሌጅ ኮመን ዳታ ሴት ሲ2 ክፈቱ፤ ተጠባባቂ ሆነው ለመቆየት የተስማሙትና በመጨረሻ የተቀበሏቸው ስንት እንደሆኑ ተጽፏል። አንዳንድ ዓመት ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ስለዚህ የሦስት አራት ዓመቱን ተመልከቱ። እስከ ሜይ 1 ድረስ ለተቀበለው ሌላ ኮሌጅ መልስ ሰጥቶ ቦታውን ይያዝ፤ ለተጠባባቂው ደግሞ ከጃንዋሪ ወዲህ የተገኘ አዲስ ውጤት ካለ በአጭር ደብዳቤ ይላክ።